የአፍሪካን የወጪ ንግድ ግራፍ ስናነብ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጎንደር ውስጥ የወጪ ንግድ ለኢኮኖሚስቶች ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም። መተማ ወይም ሁመራ ሰሊጥ የሚያመርት ሰው አይጠፋም። እሱ ባያመርት ዘመዱ ያመርታል። ስለዚህ የአፍሪካን የ70 ዓመት ኤክስፖርት በአንድ መስመር የሚያሳይ ግራፍ በቴሌግራም ሲዞር ክርክሩ ይጦፋል። አንዱ «አህጉሩ ወደቀ» ይላል፣ ሌላው «ተነሳ» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም መስመሩን አይተው የቸኮሉ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት ድርሻን ከሽያጭ ጋር ማምታታት ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት መዝገብ እንደሚያሳየው በ1948 ከዓለም የሸቀጥ ወጪ ንግድ 7.3 በመቶው የአፍሪካ ነበር። በ1993 ወደ 2.5 በመቶ ወረደ። ዛሬም ከ3 በመቶ ብዙም አይርቅም። ይህን ያየ ሰው አፍሪካ የምትልከው የቀነሰ ይመስለዋል። አልቀነሰም። በ1948 የመላው ዓለም ወጪ ንግድ 59 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፣ አሁን ከ20 ትሪሊዮን በላይ ነው። የአፍሪካም አብሮ አድጓል፣ ግን የሌሎቹ በለጠ። በ1973 ቻይና 1 በመቶ ብቻ ነበራት፣ ዛሬ 14 በመቶ አካባቢ ናት። ቻይና ፋብሪካ ከፍታ ስትሸጥ፣ አብዛኛው አፍሪካ ነዳጅ፣ ማዕድንና የእርሻ ምርት መላኩን ቀጠለ።

መነሻ ዓመቱንም ማየት ያስፈልጋል። በ1948 ጀርመንና ጃፓን ከጦርነት ፍርስራሽ ገና እየወጡ ነበር። ጃፓን ግማሽ በመቶ እንኳ አልነበራትም። እነሱ ሲተኙ የእኛ ድርሻ ትልቅ ቢመስል አይገርምም። ከ1948 የሚጀምር መስመር ውድቀቱን ያጋንነዋል፣ ከ2002 የሚጀምር ደግሞ ዕድገቱን ያጋንነዋል፤ ያኔ የሸቀጥ ዋጋ ሊወጣ ጫፍ ላይ ነበርና። ግራፍ የላከላችሁ ሰው የፈለገውን ለማሳመን ብዙ መድከም የለበትም። መነሻውን መምረጥ ይበቃዋል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ዋጋንና መጠንን መቀላቀል ነው። ሰሊጥ ነጋዴ እንዲህ አይሳሳትም። «ዘንድሮ ብዙ ብር አገኘሁ» ቢሉት ቶሎ የሚጠይቀው «ስንት ኩንታል ሸጠህ?» ብሎ ነው። ግራፍ ሲያነብ ግን ይኸው ሰው ጥያቄውን ይረሳዋል። በ2014 አጋማሽ አንድ በርሜል ነዳጅ ከ110 ዶላር በላይ ነበር። ጥር 2016 ላይ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። የናይጄሪያና የአንጎላ ወጪ ንግድ በግራፉ ላይ ገደል ገባ። ጉድጓዱ ግን አልደረቀም፣ ነዳጁም መጫኑን አላቆመም። በካካዎ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። በጋናና በኮትዲቯር ምርቱ በበሽታና በአየር ጠባይ ተጎዳና በ2024 የዓለም ዋጋ በቶን ከ10,000 ዶላር አለፈ። ትንሽ ጭነት ብዙ ዶላር ሲያመጣ ከላይ ለሚያይ ሰው ዕድገት ነው፣ ዛፉ ለጠወለገበት ገበሬ ግን አይደለም። ስለዚህ በዶላር የተሠራ ግራፍ ካያችሁ በቶን የተሠራውንም ፈልጉ። ዘመኑ ረጅም ከሆነ ደግሞ ዶላሩ ራሱ ተለውጧል። በ1970 በ1 ዶላር ይገዛ የነበረው ዛሬ 8 ዶላር ገደማ ይፈልጋል።

«አፍሪካ» ወይም «ከሰሃራ በታች» የሚለው ስብስብም አንድ ዓይነት አይደለም። ከመተማ ድልድይ ማዶ ጋላባት አለች፣ ሱዳን። የዓለም ባንክ ሱዳንን ከሰሃራ በታች ካሉት ይቆጥራታል። የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ደግሞ ከመካከለኛው ምሥራቅ ጋር ይመድባታል። የሁለቱን ቁጥር ቆርጦ መቀጠል አይቻልም። በዚያ ላይ ድምሩ የሚንቀሳቀሰው እንደ ደቡብ አፍሪካና ናይጄሪያ ባሉ ጥቂት ትልልቅ ሻጮች ነው። የኢትዮጵያ ሰሊጥና ቡና ቢጨምርም ቢቀንስም በዚያ መስመር ላይ በዓይን አይታይም።

ድንበርም ይቀየራል። እስከ 1993 ድረስ የኢትዮጵያ ቁጥር ኤርትራን ይጨምራል። ሱዳን በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ሦስት አራተኛ የሚሆነውን የነዳጅ ምርቷን አጥታለች። በግራፍ ላይ ድንገተኛ ስብራት ስታዩ ከኢኮኖሚው በፊት ካርታውን ተመልከቱ።

የተመዘገበውን ሁሉ እንደ ተላከው ሁሉ መቁጠር ሌላው ወጥመድ ነው፣ እዚህ ላይ የራሳችን አገር ጥሩ ምሳሌ ናት። በእኛ አቆጣጠር በ2016 የበጀት ዓመት (በፈረንጅ 2023/24) ኢትዮጵያ ከሸቀጥ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኘች። በ2017 ዓ.ም የበጀት ዓመት ወደ 8.3 ቢሊዮን ዘለለ፣ ከዚህ ውስጥ 3.5 ቢሊዮን የሚሆነው ወርቅ ነው። በአንድ ዓመት ያን ያህል አዲስ ወርቅ ተቆፈረ? የተወሰነው አዎ፣ የዓለም ዋጋውም ጨምሯል። ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት ሰፊ ስለነበር ወርቅ በኮንትሮባንድ ይወጣ ነበር። ልዩነቱ ሲጠብ ወደ ብሔራዊ ባንክ መጣ። ድሮም ከአገር ይወጣ የነበረ ነገር አሁን ተቆጠረ ማለት ነው። ለውጭ ምንዛሪ ትልቅ ለውጥ ነው፣ የምርት ዕድገት ብሎ መጥራት ግን ሌላ ነገር ነው። በድብቅ ድንበር የሚሻገር ሰሊጥና ከብትም እንዲሁ በእኛ መዝገብ ላይ የለም።

የዓመት አቆጣጠሩን ነገርማ ተዉት። የ2017 የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 2024 ጀምሮ በ2025 ያበቃል። ይህንን ከዓለም ንግድ ድርጅት የ2017 ቁጥር ጎን አስቀምጦ የተከራከረ ሰው አይታችሁ ከሆነ አትሳቁበት፣ ቀላል ስህተት ነው።

«የሸቀጥ» የምትለዋን ቃልም አትዝለሏት። ፋሲል ግንብን ሊጎበኝ የመጣ ፈረንጅ ለሆቴልና ለአስጎብኚ የሚከፍለው የአገልግሎት ወጪ ንግድ ነው፣ ከሸቀጥ ግራፍ ውስጥ አይገባም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2023/24 ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አግኝቷል። ሁሉም ከውጭ ደንበኛ የመጣ ባይሆንም፣ አገሪቱ በዚያው ዓመት ከላከችው ሸቀጥ ሁሉ ይበልጣል።

በመጨረሻ፣ የሻጭና የገዢ አገር ቁጥር ስላልገጠመ ብቻ «ተሰረቀ» አትበሉ። ሻጩ የሚመዘግበው ወደብ ላይ ያለውን ዋጋ ነው፣ ገዢው ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ጨምሮ ይጽፋል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከጅቡቲ የተነሳ ሰሊጥ ቻይና የሚደርሰው ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ጭነት በሁለት ዓመት ላይ ይመዘገባል። ልዩነቱ ማጓጓዣ ሊያስረዳው ከሚችለው በላይ ሆኖ ከዓመት ዓመት ከቀጠለ ግን መጠየቅ ተገቢ ነው።