ሃይሉክሱን ከፍ ካደረግኩት በኋላ የኋላ ፍሬን ለምን ደከመ?

የሃይሉክሴ የኋላ ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ሞላ) ተኝቶ ነበር። ጭነት ሲይዝ አክስሉ (የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ብረት) ሽቅብ ከሻሲው፣ ከመኪናው የብረት አጽም፣ ጋር ይላተማል። ግቢዬ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ አዲስ ባሌስትራና ረዘም ያለ አሞርዛተር (የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው) ገጠምኩለት። ሻሲውን በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ እግር) ደግፌ ነው የሠራሁት፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር መግባት የለም።

ገጠማው ቀላል ነው። ራስ ምታቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሬን ስይዝ ፊቱ ድፍት ይላል፣ ኋላው የለም። ከፍሬን መስመሩ አየር አወጣሁ፤ ወይ ፍንክች!

ለካ ጉዱ ያለው ከኋላ አክስል በላይ ነው። እዚያ ጭነቱን እያየ የኋላ ፍሬንን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አለ። በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር ታስሯል። ሻሲው ከፍ ሲል ዘንጉ ወደ ታች ይሳባል፤ ቫልቩም መኪናው ባዶ ነው ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል። ወፈር ካለ ላሜራ ቁራጭ ሠርቼ፣ አክስሉ ላይ ያለውን የዘንጉን ማሰሪያ በዚያው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግኩት። ባዶ ሜዳ ላይ ስሞክረው ኋላውም ያዘ።

የባሌስትራውን ቡሎኖች ግን መጨረሻ የሚያጠብቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ቡሎኑ የሚያልፍበት ጎሚኒ (ላስቲክ) ተጠምዝዞ ቶሎ ይበላል። የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠርም እግረ መንገድዎን ይዩት።