ጥፍር መንከስና የጥርስ ሽቦ

ጥፍር ሲነከስ የላይና የታች የፊት ጥርሶች ጫፍ ለጫፍ ይጋጠማሉ፤ ሲደጋገም ይሸረፋሉ። ጥርሱን ለማስተካከል ሽቦ ለታሰረለት ሰው ጉዳቱ ይብሳል፦ ጥርሱ ላይ የተለጠፈው ብራኬት (ሽቦውን የሚይዘው ትንሽ ቁራጭ) ይላቀቃል፣ ሽቦው ይጣመማል፣ ሕክምናውም ይጓተታል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የማይታየው ነው። በሽቦ እየተንቀሳቀሰ ያለ ጥርስ ተጨማሪ ጫና ሲያርፍበት ሥሩ ሊያጥር ይችላል፤ ያጠረ ሥር ደግሞ ተመልሶ አይረዝምም።

ጥፍርዎን በሳምንት 2 ጊዜ ይቁረጡ፣ ጠርዙንም በጥፍር ሞረድ ያለስልሱ፤ ብዙ ጊዜ ጣትን ወደ አፍ የሚጠራው ያ ሻካራ ጠርዝ ነው። አብዝተው የሚነክሱትን ጣት በፕላስተር ይጠቅልሉ፣ ወይም መራራ የጥፍር ቀለም ይቀቡ። ልጅን መቆጣት አይረዳም፤ እጁ የሚጫወትበት ነገር ይስጡት።

ብራኬት ከተላቀቀ አይጎትቱት። የሚወጋውን ቦታ ለሽቦ በሚሆን ሰም ሸፍነው፣ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ለሐኪሙ ይደውሉ።