ቶርኖ ለክረምት ሲቀመጥ

የመጀመሪያ ቶርኖዬን (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው) ሸፍኜ የተውኩት ሰኔ ላይ ነበር። ከመስቀል በኋላ ሸራውን ስገልጥ ቴልስቶኩ ላይ፣ የሚቀረጸውን ብረት ጫፍ በሚደግፈው ክፍል ላይ፣ አምስት ጣት ታትሞ ጠበቀኝ። የራሴ ጣቶች ናቸው። ለመጨረሻ ጊዜ ገፍቼ ጥግ ያስያዝኩበት ቦታ ላይ፣ አውራ ጣቴ በአንድ በኩል፣ አራቱ በሌላው፣ የቆዳዬ መስመር ሳይቀር በዝገት ተስሏል። ላብ ጨው አለው፤ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ካሬጁ፣ መቁረጫውን የያዘው ተንሸራታች ክፍል፣ የሚሄድበት ቤድም (የማሽኑ ረጅም የብረት አልጋ) ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆኗል። ሦስት ቀን ሙሉ በናፍጣና በጨርቅ ስፈትግ ዋልኩ። ጠባሳው ግን ዛሬም አለ።

ወርክሾፔ እዚሁ ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ነው። ጣሪያው አያፈስም። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? አንድ ቀን በጠዋት ገብቼ ቤዱን በመዳፌ ስነካው እርጥብ ነው። ያኔ ገባኝ። ሌሊት ብረቱ ይቀዘቅዛል። ሲነጋ አየሩ ቶሎ ይሞቃል፤ የሐይቁ እርጥበትም አለበት። ወፍራም ብረት ግን ቶሎ አይሞቅም። ስለዚህ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ያልበዋል። ላስቲክ ሸራ ጥብቅ አድርጋችሁ ካሰራችሁበት ላቡ መውጫ ያጣል። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ብሬከሩን አወርዳለሁ። ማሽኑ የሚነሳ ከሆነ ኤሌክትሪሺያኑ ገመዶቹን ሲፈታ ምልክት ያድርግባቸው። በሦስት ፌዝ ሞተር ላይ ሁለት ገመድ ከተቀያየረ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። በጥርስ የሚታሰር ቻክ (የሚቀረጸውን ብረት በመንጋጋ ነክሶ የሚይዘው ክፍል) ደግሞ ወደ ኋላ ሲዞር ተፈቶ ሊወድቅ ይችላል። ቀልድ አይደለም።

ፍቅፋቂውን በብሩሽ ጥረጉ። በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ አየሩ ደቃቁን ብረት ካሬጁ ሥር ይሰገስገዋል። ኩላንቱን (ብረቱ ሲቆረጥ የሚፈስበትን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሙሉ በሙሉ አፍስሱ፣ ታንኩን አጥባችሁ አድርቁ። አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከቆመ ይገማል፣ ያዝጋልም። ወለል ላይ የተበተነ ሰጋቱራ ካለ ይውጣ፤ እርጥበት ይዞ ይቆያል።

ቻኩን ከመፍታታችሁ በፊት ቤዱ ላይ ጣውላ አጋድሙ። ከእጅ ካመለጠ ቤዱን ይሰብረዋል፣ ወይም ጣታችሁን። መንጋጋዎቹን ካወጣችሁ ቁጥራቸውን እዩ። 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ተጽፎባቸዋል። በዚያው ተራ ካልተመለሱ የሚቀረጸው ብረት መሃል አይዝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቅባቱ። እባካችሁ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ። በነፃ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይቀባል። ሞተር ውስጥ የዋለ ዘይት ግን አሲድ አጠራቅሟል፤ ጠብቅልኝ ብላችሁ የሰጣችሁትን ብረት ራሱ ይበላዋል። ደብሊውዲ 40 የሚባለው ስፕሬይ ውሃ ለማባረር ጥሩ ነው። ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ግን ክረምቱን አይዘልቅም።

እኔ የምጠቀመው የንብ ሰም ነው። አንድ እጅ ሰም፣ አራት እጅ አዲስ የሞተር ዘይት። ሁለቱን ጣሳ ውስጥ አድርጌ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚቀልጥ የውሃው ሙቀት ይበቃዋል። ቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥዱት፤ ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ እንዳትጨምሩበት። ሲበርድ እንደ ለጋ ቅቤ ይሆናል።

ብረቱን መጀመሪያ በነጭ ጋዝ ጠርጋችሁ አድርቁት። ጓንት አጥልቃችሁ በንጹሕ ጨርቅ ቅቡ። ቤዱን፣ ሊድ ስክሩን (ካሬጁን የሚነዳውን ረጅም ብሎን)፣ የቴልስቶኩን በርሜል (ወደ ፊት የሚወጣውን ዘንግ)፣ ቻኩን፣ ከቻኩ ጀርባ ያለውን የስፒንድል (ቻኩን የሚያዞረው ዘንግ) ጥርስ። ብዙ ሰው የሚረሳው ካሬጁ ቆሞ የሚከርምበትን ቦታ ነው። ሳትቀቡ በፊት ወደ ቴልስቶኩ ግፉት፣ የነበረበትን ቅቡ፣ ከዚያ መልሱት።

ቺንጋውን አላሉት። የሄድስቶኩን (ስፒንድሉን የያዘውን የማርሽ ሳጥን) ዘይት አታፍስሱ፤ እስከ ምልክቱ ይሙላ። በወር አንዴ ስፒንድሉን በእጅ አዙሩት፣ የማርሽ ጥርሶቹ በሙሉ ዘይት እንዲያገኙ። የሞተሩ አየር ማስገቢያ ላይ የወንፊት ሽቦ እሰሩ። አይጥ እዚያ ጎጆ መሥራት ትወዳለች።

ለሽፋን አቡጀዲ ይበቃል፤ ያስተነፍሳል። ጣሪያ የምትጠራጠሩ ከሆነ ሸራውን ከላይ እንደ ድንኳን ወጥሩት፤ ብረቱን አይንካ፣ ከታች ክፍት ይሁን። ሲሚንቶ አጠገብ ግን በፍጹም አታስቀምጡት። አቧራው ቅባቱ ላይ ከተቀመጠ እንደ ሞረድ ነው።

በመጨረሻ ብሬከሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ። እናንተ ባትኖሩ ረዳታችሁ ሊያበራው ይችላል። የኔ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈው ይኸው ነው፦ «ሰሙ ሳይጠረግ ካሬጁ አይነካ። የሄድስቶክ ዘይት ይታይ። ቻኩ ሣጥን ውስጥ ነው።»