ትኬቱ ውድ፣ እይታው ደካማ፦ በግዙፍ አዳራሽ ወንበር ሲመርጡ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሰው ቆጥቦ ትኬት ይገዛል፣ ረጅም መንገድ ተጉዞ ይመጣል፣ ከዚያም ሁለት ሰዓት ሙሉ የማያውቀውን ሰው ማጅራት ሲያይ ያመሻል። ይህ ከልብ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ትኬቱ ከመገዛቱ በፊት ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ወንበርን በርቀት ብቻ ከመመዘን ነው። «የቀረበ ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ለትንሽ ክፍል ይሠራል። 15 ወይም 20 ሺህ ሰው ለሚይዝ ባለ ጣሪያ አዳራሽ ግን ከርቀት የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ዓይኔ ከፊቴ ካለው ሰው አናት በላይ አልፎ ያያል? መድረኩን ወይም ሜዳውንስ የማየው ከየትኛው ማዕዘን ነው?

ችግር፦ መድረኩ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ ግን አይታየኝም

ለኮንሰርት ሲባል የቅርጫት ኳሱ ሜዳ ወይም የሆኪው በረዶ ይሸፈንና ወንበር ይደረደርበታል። ወለሉ ጠፍጣፋ ነው፤ 5ኛው ረድፍም 30ኛውም እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። የተቀመጠ ሰው አናት ከዓይኑ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ተዳፋት በሌለበት ወለል ላይ ይህን 12 ሴንቲ ሜትር የሚያካክስ ምንም ነገር የለም። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀመር የፊተኛው ረድፍ ይነሳል፤ ሁለተኛው እንዳይጋረድ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቆሞ ያመሻል። ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው፣ ልጅ ይዞ የመጣ ወላጅ፣ ብዙ መቆም የማይችል አዛውንት ከፍተኛውን ዋጋ ከፍለው ከሁሉ ያነሰውን ያያሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ረድፎችም ቢሆኑ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። መድረኩ ከተቀመጠ ሰው ዓይን በላይ ስለሚሆን ከዘፋኙ ኋላ ያሉት ተጫዋቾች በከፊል ይሰወራሉ፤ አንገትም ሲያንጋጥጥ ያመሻል።

መፍትሄው ከወለሉ ወጥቶ በጎን በኩል ያለውን የታችኛውን ፎቅ መያዝ ነው። ከመድረኩ ፊት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ከ8ኛው እስከ 15ኛው ረድፍ ያለው ቦታ ለእኔ በአብዛኞቹ ኮንሰርቶች ከሁሉ የተሻለው ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ከፊቱ ካለው ከፍ ብሎ ስለተሠራ የፊተኛው ሰው ቢቆምም እርስዎ ቆመው በላዩ ያያሉ፤ መድረኩም እስከ ጥግ ይታያል። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከወለሉ ይቀንሳል። ወለሉን የግድ ከፈለጉ ደግሞ የመተላለፊያውን ዳር ወንበር ይያዙ፤ ቢያንስ በአንድ በኩል ማንም የማይቆምበት ክፍት መስመር ያገኛሉ።

ችግር፦ የፎቁ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ነኝ፤ ብረት ይጋርደኛል

የላይኛው ፎቅ የመጀመሪያ ረድፍ በመቀመጫ ካርታ ላይ ሲታይ ያጓጓል፤ ከፊት ማንም የለም። ሰው እንዳይወድቅ የተሠራው የብረት ወይም የመስታወት መከላከያ ግን ብዙ ጊዜ ልክ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚያልፍበት መስመር ላይ ያርፋል። በመግቢያ በሮች ግራና ቀኝ ያሉ ወንበሮችም እንዲሁ ናቸው፤ የደረጃው መደገፊያ ብረት ሜዳውን ለሁለት ይከፍለዋል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ከደረጃው ሦስት አራት ወንበር ገባ ብለው ቢቀመጡ ችግሩ ይጠፋል።

ችግር፦ ድምፁ ይደበላለቃል፤ የዘፈኑ ቃል አይለይም

ይህ ከሁሉ በላይ የሚረሳው ነው፤ የመቀመጫ ካርታ እይታን እንጂ ድምፅን አያሳይምና። ዋናዎቹ ድምፅ ማጉያዎች ከመድረኩ በላይ በግራና በቀኝ ይሰቀላሉ። በአንደኛው ስር የተቀመጠ ሰው ያንን ብቻ ይሰማል፤ ከሌላው ወገን የሚመጣው ሚዛን ይጎድለዋል። ከማጉያዎቹ መስመር ኋላ የተቀመጠ ደግሞ ቀጥተኛው ድምፅ አይደርሰውም፤ የሚሰማው ከግድግዳና ከጣሪያ ተመልሶ የመጣውን ነው። በለንደን የሚገኘው ሮያል አልበርት ሆል እ.ኤ.አ. በ1871 ሲከፈት ጀምሮ በገደል ማሚቶው ይታማ ነበር፤ በ1969 ከጉልላቱ ስር እንጉዳይ የሚመስሉ ክብ የፋይበርግላስ ጣባዎች እስኪሰቀሉለት ድረስ። ዛሬ ያሉት የስፖርት አዳራሾች ብዙዎቹ የተሠሩት ለጩኸት እንጂ ለሙዚቃ ስላልሆነ ይኸው ጠባይ በተለያየ መጠን አለባቸው።

ርቀትም የራሱን ያደርጋል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመድረኩ 70 ሜትር ርቀው ከተቀመጡ በስክሪኑ ላይ የሚያዩት የዘፋኙ ከንፈር ከድምፁ በሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀድማል። ስክሪኑ ተበላሽቶ አይደለም። የላይኛው ፎቅ ከራስዎ በላይ እንደ ክዳን ከተዘረጋ ደግሞ ከጣሪያው በኩል የሚመጣው ድምፅ ይታፈናል።

ለጆሮ የሚመርጥ ሰው በካርታው ላይ የድምፅ ባለሙያውን ጠረጴዛ ይፈልግ። ብዙውን ጊዜ ወለሉ ላይ፣ መድረኩን ፊት ለፊት ከሚያየው መስመር ላይ ነው። ባለሙያው የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ነውና ለዚያ መስመር የቀረበ ሁሉ ባለሙያው የሚሰማውን የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ከጠረጴዛው በስተጀርባ ወለሉ ላይ ግን አይቀመጡ፤ መሣሪያዎቹ ይጋርዳሉ። በዚያው መስመር ከፍ ብሎ የታችኛው ፎቅ ይሻላል። ከመድረኩ ስለሚርቅ ፊት በቅርብ አይታይም፤ ፊት ማየት ወይስ ድምፅ መስማት የሚለውን እያንዳንዱ ለራሱ ይወስን። እኔ ለሙዚቃ ስሄድ ጆሮዬን አስቀድማለሁ።

ማጉያ አጠገብ መቀመጥ ግድ ከሆነብዎ የጆሮ መድፈኛ ይያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመዘኛ ለእንዲህ ያሉ ቦታዎች ያስቀመጠው ከፍተኛ የድምፅ መጠን በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዲሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው። ለልጆች መድፈኛው የግድ ነው።

ችግር፦ ስክሪኑ ከላይ ተቆርጦብኛል

ከፎቅ ስር ያሉ የኋላ ረድፎች መድረኩን ያሳያሉ፤ ከላይ የተሰቀለውን ግን ይደብቃሉ። በላስ ቬጋስ እ.ኤ.አ. በ2023 የተከፈተው ስፊር የተባለ አዳራሽ 15,000 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ስክሪን ከተመልካቹ በላይ ጠቅልሎ ይዟል፤ በታችኛው ፎቅ የኋላ ረድፎች ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ከላይ ያለው ፎቅ ይጋርደውና አብዛኛውን አያይም። ሰው የሚሄደው ለስክሪኑ በሆነበት አዳራሽ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። የታችኛውን ፎቅ ሲገዙ የፊተኛውን አጋማሽ ይምረጡ።

ችግር፦ ለኮንሰርት የወደድኩት ወንበር ለጨዋታ አልሆነኝም

ስፖርት ሌላ ስሌት አለው። በቅርጫት ኳስ ሜዳው 28 በ15 ሜትር ነውና ከመሃሉ በጎን በኩል፣ ከ10ኛው ረድፍ ጀምሮ ሁለቱም ቅርጫቶች እኩል ይታያሉ። ከቅርጫቱ ኋላ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን ሰሌዳውና ተሸካሚው ብረት የሌላውን ወገን ይወስዱበታል። ገንዘብ ካጠረ ማዕዘኑን ይሞክሩ፤ ከቅርጫት ኋላ ካለው የተሻለ ነው።

የበረዶ ሆኪ ሜዳ ርዝመቱ 60 ሜትር ገደማ ነው፣ ዙሪያውም በመከላከያ ሰሌዳና በመስታወት ይታጠራል። ዝቅ ብለው ከተቀመጡ በኳስ ፈንታ የሚመታውን ትንሽ ጠፍጣፋ ጎማ በእርስዎ በኩል ባለው ሰሌዳ ስር ያጡታል። ከግቦቹ ኋላ ደግሞ ተመልካችን ለመጠበቅ መረብ ይዘረጋል፤ የሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ ሆኪ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ግዴታ አድርጎታል። በሆኪ ከፍ ማለት ጥቅም ነው።

አዳራሹ ለየትኛው ጨዋታ እንደተሠራም ይጠይቁ። በኒውዮርክ ብሩክሊን እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው ባርክሌይስ ሴንተር የተነደፈው ለቅርጫት ኳስ ነው። የሆኪ ቡድኑ አይላንደርስ በ2015 ሲገባበት በረዶው ከአዳራሹ መሃል ወደ አንድ ጎን ተገፋ፤ ከአንዳንድ ወንበሮችም አንደኛው ግብ አልታይ አለ። ወንበሮቹ ለቅርጫት ኳስ ምንም ችግር አልነበረባቸውም።

ችግር፦ አንደኛ ረድፍ ገዝቼ ከፊቴ ሌሎች ረድፎች አገኘሁ

የረድፍ ፊደልና ቁጥር ከአዳራሽ አዳራሽ ይለያያል፤ ለአንዳንድ ዝግጅት ተጨማሪ ወንበር ከፊት ይደረደራል። የአዳራሹን አጠቃላይ ካርታ ትተው የዚያን ምሽት ዝግጅት ካርታ ይመልከቱ፤ መድረኩ መሃል ላይ ወይም ወደ ሕዝቡ የሚዘልቅ መሆኑም እዚያ ላይ ነው የሚገኘው። ከተቻለ ከዚያው ክፍል የተነሳ ፎቶግራፍ ይፈልጉ።

ችግር፦ ጥሩ ወንበር ሁሉ አልቋል

አዘጋጆች ለካሜራና ለድምፅ መሣሪያ የሚይዙት ወንበር አለ። መሣሪያው ቦታውን ሲይዝ የተረፈው ወንበር ብዙ ጊዜ ዝግጅቱ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ለሽያጭ ይወጣል። በየቀኑ ጠዋት አንድ ጊዜ መመልከት ይጠቅማል።

ችግር፦ ገብቼ ተቀምጫለሁ፤ ምሰሶ ፊቴ ቆሟል

ትኬቱን ያንብቡ። «እይታው የተገደበ» የሚል ከተጻፈበት ሻጩ አስቀድሞ ነግሮዎታል። ካልተጻፈ ግን ዝግጅቱ ሳይጀመር ከወንበሩ ሆነው ፎቶግራፍ አንስተው ወደ አስተናጋጁ ወይም ወደ ትኬት ቢሮው ይሂዱ፤ ባዶ ወንበር ካለ ሊቀይሩልዎ የሚችሉት በዚያ ሰዓት ነው። መብራት ከጠፋ በኋላ አስተናጋጁ ቢፈልግም እንኳ የትኛው ወንበር ባዶ እንደሆነ ማየት አይችልም።