«አሜባ ነው፣ ስጪኝ»፦ ስለ አንጀት ባክቴሪያና ስለ በሽታ መከላከያችን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ክረምት ገብቶ የአዌቱ ወንዝ ሲደፈርስ፣ እኔ የምሠራበት ፋርማሲ ባንኮኒ ፊት የሚቆመው ሰው ጥያቄው ይመሳሰላል። ሆዱን በእጁ ደግፎ ይመጣና ሕመሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም ይነግረኛል። ጅማ ውስጥ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከሰው አፍ የሰማኋቸውን፣ አንዳንዶቹንም እኔው ራሴ አምኛቸው የነበሩትን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«አሜባ ነው፣ ሜትሮኒዳዞል ስጪኝ»

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ሆድ ሲጮህም፣ ሲነፋም፣ ትናንት የተበላው ሲከብድም ስሙ አሜባ ይሆናል። አሜባ በእርግጥ አለ፤ ሲኖርም ሜትሮኒዳዞል ይገድለዋል። መድኃኒቱ ግን አሜባን ብቻ ለይቶ አይመታም። ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል፤ የትልቁ አንጀታችን ነዋሪዎች ደግሞ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

እነዚህ ነዋሪዎች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ስሌት በአንድ ሰው አካል ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ ይገኛል፤ ከራሳችን ሕዋሳት ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው። እኛ መፍጨት ያቃተንን የጤፍ፣ የባቄላና የጎመን አሰር እነሱ ያብላሉታል፤ ከዚያም ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሠራሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ጉልበታቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከዚህ ነው። ቡቲሬት ሌላም ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እንዲበዙ ያደርጋል። የእነዚህ ሕዋሳት ሥራ መዋጋት አይደለም፤ ሌሎቹን ተዋጊዎች «በቃ» ብሎ መግታት ነው።

ነባሮቹ ሲጠፉ ቦታው ባዶ ሆኖ አይቆይም። ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ከአንቲባዮቲክ በኋላ ገብቶ ከባድ ተቅማጥ የሚያስከትለው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የኔዘርላንድ ሐኪሞች ይህ በሽታ እየተመላለሰ ያስቸገራቸውን ሕሙማን የጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር በጥብጠውና አጥልለው በቱቦ ወደ አንጀታቸው በማስገባት፣ በአንቲባዮቲክ ከታከሙት እጅግ በበለጠ ቁጥር አድነዋቸዋል። ይህን ለደንበኞቼ ስነግር ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ብዙ ናቸው። እኔን ግን ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ያዳናቸው አዲስ ኬሚካል ሳይሆን የጠፉት ነዋሪዎች መመለስ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሰገራ ምርመራ ያድርጉ። ደም ያለው ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካለ መሄጃው ጤና ጣቢያ ነው፣ ወደ እኔ አይደለም። ለሕፃን ተቅማጥ ደግሞ ኦአርኤስና ዚንክ ይቅደሙ፤ ዚንኩ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። የልጆች ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከቫይረስ የሚመጣ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም።

«እንግዲያው አንቲባዮቲክ የሚባል አልነካም»

ይህም ያው ስህተት ነው፣ በሌላ በር የገባ። የሳንባ ምች ወይም ቲቢ የያዘው ሰው ለአንጀቱ ባክቴሪያ ብሎ መድኃኒቱን ቢተው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶብዎት ሐኪም ሁለት አንቲባዮቲክ ከአሲድ መቀነሻ ጋር ካዘዘልዎ፣ ማቃጠሉ በአምስተኛው ቀን ቢጠፋም እስከታዘዘው ቀን ድረስ ይውሰዱ።

«የመከላከል አቅሜን ከፍ የሚያደርግ ነገር የለሽም?»

ኮሮና ከመጣ ወዲህ ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ጥያቄው የሚነሣው መከላከያችንን እንደ ጡንቻ ከማሰብ ነው፤ በበረታ ቁጥር የሚሻል ይመስለናል። አስምና አለርጂ ግን የመከላከያ ማነስ አይደሉም፤ ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት መቁጠር ናቸው። ያልሠለጠነ የግቢ ውሻ ሌባውንም ቤተኛውንም እኩል ይነክሳል። ጉልበቱ አልጎደለም፤ የጎደለው መለየት ነው።

መለየትን የሚማርበት ትልቁ ትምህርት ቤት አንጀት ነው። እጅግ ብዙ የመከላከያ ሕዋሳት ያሉት በዚያ አካባቢ ሲሆን፣ እነሱንና ያን ሁሉ ባክቴሪያ የሚለያቸው የአንድ ሕዋስ ውፍረት ያለው ግድግዳና በላዩ የተዘረጋ ዝልግልግ ሽፋን ነው። ሰውነታችን አይጂኤ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል በየቀኑ በግራም ይሠራል፤ ከሌሎቹ ዓይነቶች ሁሉ ድምር ይበልጣል። አይጂኤ ባክቴሪያውን በአብዛኛው አይገድለውም፤ ይለብጠውና ከግድግዳው ያርቀዋል። ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ባክቴሪያ ሳይነካቸው በላቦራቶሪ ያደጉ አይጦች ደግሞ በአንጀታቸው ዙሪያ ያለው የመከላከያ ሥርዓት ሳይዳብር ይቀራል፤ አይጂኤያቸውም በጣም ትንሽ ነው። አስተማሪ ያላገኘ ተማሪ ማለት እንዲህ ነው።

መከላከያን ያበረታል የሚባለውን ነጭ ሽንኩርትስ? ይብሉት። ውስጡ ያለው ፍሩክታን የተባለ አሰር ለአንጀት ባክቴሪያ ምግብ ነው። ከወጥ ጋር የሚገባው ይበቃል፤ በባዶ ሆድ ራስ ሙሉ እየላጡ መዋጥ አያስፈልግም።

«ቆሻሻ ልጅን ያጠነክራል፣ የትል መድኃኒት አልሰጥም»

ይህን የሚሉኝ ያነበቡ ሰዎች ናቸው፤ ያነበቡትም መሠረት አለው። ከመሠረቶቹ አንዱ ደግሞ እዚሁ ጅማ የተጣለ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የጅማ ከተማንና የአካባቢውን ገጠር አነጻጽሮ፣ አስምና ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ በከተማው በርክቶ አግኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው መጽሔት የወጣ ሌላ የጅማ ጥናት ደግሞ ሁክወርም የሚባለው ደም መጣጭ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የሚለው አተነፋፈስ ያነሰባቸው መሆኑን አሳየ። ትሉ ለራሱ ሲል የሰውየውን መከላከያ ያበርደዋል፤ ካልተባረረ በሰው አንጀት ውስጥ ዓመታት ይኖራልና።

ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እናስላው። ሁክወርም ደም ይመጥጣል፤ ከደሙ ጋር ብረት ይሄዳል። ልጁ ይገረጣል፣ ትምህርት ላይ ይደክማል፤ እርጉዟ ደግሞ ያለ በቂ ደም ትወልዳለች። ይህን ዋጋ ከፍሎ ከአስም ማምለጥ ለማንም አልመክርም። ልጅ ከአፈር፣ ከከብት፣ ከወንድምና ከእህት ጋር መጫወቱ አንድ ነገር ነው፤ ሰገራ የነካው ውሃ መጠጣቱ ሌላ ነው። ከመጸዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት እጅ መታጠብ የአንጀትን ነዋሪዎች አያጠፋም። በትምህርት ቤት የሚታደለውን የትል ክኒን ልጅዎ ይውሰድ።

«እንጀራ የቦካ ስለሆነ ባክቴሪያው ይጠቅመኛል»

እርሾው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ምጣዱን አያልፍም፤ ይሞታል። የእንጀራ ጥቅሙ አሰሩ ላይ ነው። በሕይወት ያለ ባክቴሪያ የሚገኘው እርጎ ውስጥ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሌላ ስህተት ይከተላል። ካልፈላ ወተት የተረጋ እርጎ የብሩሴላንና የከብት ቲቢን ተህዋስያን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ መኮምጠጡም ለመሞታቸው ዋስትና አይሆንም። ወተቱን ያፍሉት፣ ለብ ሲል ከቀድሞው በፈላ ወተት የተሠራ እርጎ አንድ ማንኪያ ይጨምሩበትና ይርጋ።

ለአንጀት ይጠቅማል ተብሎ በክኒን የሚሸጠውን ባክቴሪያ በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከአንቲባዮቲክ በኋላ እሱን የወሰዱ ሰዎች የራሳቸው ነባር ባክቴሪያ ካልወሰዱት ዘግይቶ እንደተመለሰ አሳይቷል። ለሁሉም ሰው ይጎዳል አልልም፤ ሳይታዘዝልዎ ግን ገንዘብዎን አያውጡበት።

«ቡቲሬት ቅቤ ውስጥ አለ፣ እንግዲህ ቅቤ ልብላ»

ስሙ የመጣው ከቅቤ ስለሆነ እውነት ይመስላል። በምግብ የገባው ግን በትንሹ አንጀት ተመጦ ያልቃል፤ ትልቁ አንጀት የሚፈልገውን እዚያው ባክቴሪያው ሊሠራው ይገባል። ለዚያ ሽሮ፣ ምስር፣ ቆሎና ጎመን ያስፈልጋሉ። ጾሙ ለዚህ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ በነጭ ዳቦና በመኮሮኒ ካላሳለፍነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአይጦች ላይ እንደታየው፣ አሰር ሲጠፋ ባክቴሪያዎቹ ያን የአንጀት ዝልግልግ ሽፋን ራሱን መብላት ይጀምራሉ። ቡናችንም ይነካቸዋል፦ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ሰፊ ጥናት ላውሶኒባክተር የተባለው ባክቴሪያ ቡና በሚጠጡ ሰዎች አንጀት ውስጥ ከማይጠጡት በጣም በዝቶ ተገኝቷል። ይህ ቡናን መድኃኒት አያደርገውም።

«እንገሩን አልበነው፣ ቅቤ አስውጠነው»

ባለፈው አንዲት እናት ለልጅ ልጃቸው የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ሊገዙ መጡ። ልጁ ከተወለደ ሦስት ቀኑ ነው።

«እማማ፣ ጡት ይዟል?»

«ቢጫው ወተት እስኪያልቅ ብለን ቅቤ ነው የሰጠነው፣ ልጄ።»

እንገር በአይጂኤ የተሞላ ነው፤ ገና የራሱን መሥራት ላልጀመረ ሕፃን የእናቱ መከላከያ ነው። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ደግሞ ሕፃኑ ፈጽሞ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት አለ፤ ብዛቱ ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ ሦስተኛ ነው። የተዘጋጀው ቢፊዶባክቴሪየም ለሚባሉት ባክቴሪያዎች ነው ማለት ይቻላል። እናት በአንድ ጡት ልጇንም የልጇን ባክቴሪያም ታበላለች። ስድስት ወር እስኪሞላው ውሃም ቅቤም የማያስፈልገው ለዚህ ጭምር ነው። ይህንኑ በቀላሉ ነገርኳቸው፤ ልጁ መጥባት እንቢ ካለ ወይም ካተኮሰው ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱትም አሳሰብኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ።

«እንገሩንም ይጥባው ነው የምትይኝ?»

«አዎ እማማ። የቀረ ካለ፣ ጠብታ ሳይተርፍ።»

«ቅቤውስ?»

«ለአራሷ ገንፎ ያድርጉላት።»