የግቢ ሳር ዘር እንቢ ሲል፦ ከመዝራት በፊት ያለው ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ውስጥ አዲስ ቤት ሠርቶ ግቢውን ሳር ሊያለብስ የተነሳ ሰው፣ ሳሩ እንቢ ሲለው መጀመሪያ የሚረግመው ዘሩን ነው። እኔም ረግሜያለሁ። ኋላ ቀጭን ፌሮ አንስቼ መሬቱን ብወጋው አራት ጣት እንኳ ሳይገባ ቆመ።

ውሃ ይተኛል፣ ቡቃያው ቢጫ ይሆናል

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የግንባታው ነው። አሸዋና ጠጠር ያራገፈው መኪና መሬቱን ጠቅጥቆታል፣ ከሥሩም የብሎኬት ስባሪ ተቀብሯል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ፍርስራሹን ለቅማችሁ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በዶማ ቆፍሩ። መጀመሪያ ግን አፈሩን ጨብጣችሁ እዩት፦ እንደ ሊጥ ከተድቦለቦለ ጠብቁ፣ በጣት ስትነኩት ከፈረሰ ጊዜው ነው። ዋልካን በእርጥቡ የቆፈረ ሰው ሲደርቅ የሚያገኘው ጓል ብቻ ነው። «አሸዋ ጨምርበት» የሚል መካሪ አይጠፋም፤ ዋልካ ላይ ጥቂት አሸዋ ፋይዳ የለውም። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት አልብሳችሁ ቀላቅሉት። ከዚያ በክርና በውሃ ልክ መሬቱን ከግድግዳው ወደ ውጭ፣ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር አዘቅዝቁት።

ግቢው ጣና ዳር ከሆነ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። የሐይቁ ውሃ ከፍ የሚለው በክረምቱ መውጫ፣ በመስከረም ገደማ ነው። ያኔ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ከሥር ውሃ ካቆረ ዶማ አያድናችሁም፣ አፈር አስመጥቶ መደቡን ከፍ ማድረግ ነው።

ዘሩ ታጥቦ ጥግ ላይ ይከማቻል

ወይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዘርታችኋል፣ ወይ የተቆፈረው አፈር እንደ ዱቄት ልል ነው። እዚህ የምናወራለት የግቢ ሳር፣ ሰርዶ፣ ሙቅ አፈር ይወዳል፤ ውሃ ካላችሁ ግንቦት ላይ ዝሩ፣ ዝናቡ ሳይበረታ ሥር ይይዛል። መዳመጫ መሣሪያ ከሌለ በግማሹ ውሃ የሞላ በርሜል አንከባሉበት። ጫማችሁ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ካልሰመጠ ይበቃል። የበርሜሉ ቀለበት መስመር ይተዋል፣ እሱን በሬክ ፋቅ ማድረግ ነው። ስታጠጡም የጎማውን አፍ ሻወር ግጠሙለት።

እዚህ ጥቅጥቅ፣ እዚያ መላጣ

የሰርዶ ዘር በጣም ደቃቅ ስለሆነ በባዶ እጅ እኩል አይበተንም። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉትና ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በወርድ በትኑ። አፈር አታልብሱት፤ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ የተቀበረ ዘር ለመውጣት ይቸገራል።

ከሳሩ ይልቅ አረም

ያልበሰለ ፍግ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። መደቡን አስተካክላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሳትዘሩ ሁለት ሦስት ሳምንት አጠጡት። የበቀለውን በመኮትኮቻ ላዩን ብቻ ፋቁ፤ ጠልቃችሁ ከቆፈራችሁ ሌላ የአረም ዘር ወደ ላይ ታወጣላችሁ። እንግጫ ካለ ግን መፋቅ አይበቃም፣ ከሥሩ ያለችውን ፍሬ አንድ በአንድ በእጅ መልቀም ነው።