ሰም የሌለው ወርቅ፦ በጋራ ዓለም ልቦለድ ውስጥ ድብቅ ተዋጊዎችን ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ሆነን አንድ ዓለም እንጽፋለን። ሁለታችን ደብረ ማርቆስ ነን፣ አንዱ ቢቸና፣ አንዷ ባሕር ዳር። ፕላኔቶቹ፣ ጣቢያዎቹና ጦርነቶቹ የጋራ ናቸው፤ መጽሐፉ ግን የየራሳችን። ሳይንሳዊ ልቦለድ በአማርኛ፣ ያውም በኅብረት፣ ያውም ጎጃም ተቀምጦ። የሚስቅ ይሳቅ፤ እኛ ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል።

በእነዚህ ዓመታት ከሁሉ በላይ ያጣላን ምን መሰላችሁ? መርከብ አይደለም፣ ፊዚክስም አይደለም። ድብቆቹ ተዋጊዎች ናቸው። ሁላችንም እነሱን መጻፍ እንወዳለን፣ ሁላችንም አበላሽተናቸዋል። ያበላሸንበትን መንገድ ልንገራችሁና እናንተ ቢያንስ በሌላ መንገድ አበላሹ።

ጨለማን ምስጢር ማድረግ

የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ቡድኑ «የጽልመት ልጆች» ይባል ነበር። ጥቁር ካባ፣ የብረት ጭምብል፣ ሲራመዱ ኮቴ የማይሰማ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሦስት ሺህ ሰው በታጨቀበት የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ጭምብል አጥልቆ የሚዞር ሰው ምኑ ነው ድብቅ? ሕፃን ልጅ በጣቱ ይጠቁመዋል።

የጃፓን ኒንጃዎችን ሰው የሚያውቃቸው በጥቁር ልብስ ነው። ያ የመድረክና የሥዕል ነገር ነው፤ እውነተኞቹ ነጋዴ፣ መነኩሴ ወይም ገበሬ መስለው ነበር የሚሄዱት። ሩቅስ ምን አስኬደን። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የውስጥ አርበኞች የሚባሉት ጣሊያን በያዘው ከተማ ውስጥ ተቀምጠው፣ አንዳንዶቹም ጠላት ቢሮ ገብተው እየሠሩ፣ ጥይትና መድኃኒት፣ ከሁሉም በላይ ወሬ፣ ጫካ ላለው አርበኛ ያደርሱ ነበር። ጭምብል የላቸውም። ጭምብላቸው የዕለት ሥራቸው ነበር።

ቅኔ ቤት ያደገ አጎት አለኝ። ረቂቁን አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ልጄ፣ ይሄ ወርቅ ብቻ ነው፤ ሰሙ የታለ?» አለኝ። በቃ። ሌላ ምክር አልሰጠኝም፣ ቡናውን ቀጠለ። ሰም ማለት ሰው አይቶት አልፎ የሚሄደው ነገር ነው። አድማጭ ሰሙን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ወርቁ ማታ ተኝቶ እያለ ይመጣበታል። ድብቅ ቡድንም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ሰው አይቶ የሚያልፈው ነገር ስጡት፣ ጩቤው ይደርሳል።

እኔ እድር አደረግኳቸው። አዎ፣ እድር። ጣቢያ ሰባት ላይ ድንኳን አላቸው፣ ሰው የሚያህል ድስት አላቸው፣ አግዳሚ ወንበር አላቸው። ሌሊት ጥሩንባ ቢነፋ የሚደነግጥ የለም፤ «ማን ሞቶ ይሆን?» ተብሎ ነጠላ ይፈለጋል እንጂ። ለቅሶ ነው ካሉ ማንኛውም ቤት ይገባሉ። ሬሳ ሣጥን ተሸክመው ፍተሻ ኬላ ሲደርሱ ወታደሩ ቆቡን ያወልቃል፣ አንገቱንም ይደፋል፣ አንገቱን በደፋባት በዚያች ቅጽበት ሣጥኑ ለምን አራት ሰው እንዳጎበጠ አያስተውልም። ከስብሰባ የቀረ ይቀጣል፣ የወር ክፍያ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ። ለአንድ ድብቅ ጦር የሚያስፈልገው ሁሉ እኮ አያቶቻችን ሠርተው ትተውልናል።

ስምም እዚሁ ላይ ይምጣ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተባሉ። የፈረስ ስም ባለቤቱን ያስተዋውቃል፣ ሥራው ያ ነው። የድብቅ ቡድን ስም ግን ተቃራኒው ነው፤ ሰው ሰምቶት ምንም ሊመስለው አይገባም። «የጣቢያ ሰባት የጋራ እድር» ሲባል ማን ጆሮውን ያቆማል?

ማን እንደሚያበላቸው አለማሰብ

ስንት ናቸው? ሠላሳ? እሺ፣ ሠላሳ ሰው ምን ይበላል?

ይህን የጠየቀችን የባሕር ዳሯ ናት። ሙያዋ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ልቦለድ ስታነብ እንኳ ደረሰኝ የምትጠይቅ ዓይነት ሴት። በጣም አናደደችን፣ ትክክል ስለነበረች።

አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ሲነሳ የሚወራው ጠመንጃው ነው። የስንቅ አቁማዳው አይወራም። የጎጃም አርበኛ ያን ሁሉ ዓመት በረሃ የቆየው ግን ገበሬው እህል ስለሰጠው፣ ሴቶቹ ገብሱን ቆልተው ፈጭተው በሶ ስላደረሱለት ጭምር ነው። በፋርስ ተራሮች ላይ የነበሩት፣ በድብቅ ገዳይነታቸው የሚታወቁት የአላሙት ምሽግ ሰዎችም እ.ኤ.አ. ከ1090 እስከ 1256 የዘለቁት በጩቤ ብቻ አይደለም፤ ጎተራና የውኃ ማጠራቀሚያ ነበራቸው።

ጠፈር ላይ ነገሩ ይብሳል። ጫካ የለም፣ ዋሻ የለም፣ የሚያበላ ገበሬ የለም። አንድ ሰው በቀን ወደ 0.84 ኪሎ ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ሠላሳ ሰው 25 ኪሎ መሆኑ ነው፣ በየቀኑ። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ከትንፋሽ፣ ከላብና ከሽንት ሳይቀር 98 በመቶውን ውኃ መልሶ መጠቀም እንደተቻለ አስታውቋል። እስቲ ጠብታ በሚቆጠርበት ቤት ሠላሳ ሰው ደብቁ! መጀመሪያ የሚነቃባችሁ የጠላት ሰላይ አይደለም፣ ውኃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነው። መርከቡን ራቅ አድርጌ አቆማለሁ ካላችሁም አይሆንም። የጠፈሩ ጨለማ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሰው ያለበት መርከብ ደግሞ ሙቀቱን የግድ ወደ ውጭ መጣል አለበት፣ ስለዚህ በኢንፍራሬድ ለሚያይ እንደ ደመራ ቦግ ብሎ ይታያል።

እኛ ሁለት ወር ተጨቃጨቅንበት። መጨረሻ ላይ ቆጣሪ አንባቢውን የእድሩ አባል አደረግነው። ሁለት ልጆች ያሉት፣ ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ፣ ጨጓራውን የሚያመው ሰው። በየወሩ መጨረሻ ብቻውን ቁጭ ብሎ ላቡ እየወረደ አንድ ቁጥር ይፋቃል፣ ሌላ ቁጥር ይጽፋል። ባለፈው ዓመት ካሳየናቸው አንባቢዎች መካከል የሚበልጡት የጠየቁን ስለ ተኳሾቹ አልነበረም። «ያ ሰውዬ ተያዘ እንዴ?» ነው የሚሉት።

ጉሮሮ የሚያደማ ቋንቋ መፍጠር

ሌላ ዓለም ነው ተብሎ ተዋጊዎቹ «ዝርኽቃጥ ኡምቡል» እያሉ ይጮኻሉ። ለምን? ሰው ፊት እንዲህ ያለ ሰው ወዲያው ይያዛል። አዝማሪዎቻችን የራሳቸው የምስጢር ቋንቋ አላቸው፤ ሰዋስው የአማርኛው ነው፣ የሚለወጠው ቃሉ ነው። ራቅ ብሎ ለሚሰማ ተራ ወሬ ይመስላል። እኛም ከዚያ ተማርን። የእኛ እድርተኞች «ንፍሮው በስሏል?» ሲባሉ «ጨው ይቀረዋል» ካሉ ጥይቱ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ለቅሶ ቤት ስለ ንፍሮ መነጋገር ምን ይገርማል?

የማይሸነፍ ሰው

ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይሠራዋል። አንድ ሰው አርባ ወታደር ፈጅቶ ሳይቧጨር ከወጣ አንባቢው ከአርባ አንደኛው ጀምሮ ይተኛል። ይፍሩ። ይሳቱ። አንዱ ጉልበቱን ይመመው። እንለፍ።

የሰፈር ሰው ላይ መለጠፍ

ከአራታችን አንዱ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ድብቅ ተዋጊዎቹን የብረት ቀጥቃጮች ዘር አደረጋቸው። ከሰው ተገልለው የሚኖሩ፣ ሌሊት የሚለወጡ፣ ዓይናቸው የሚበላ። እኛም «አሪፍ ነው» አልነው። ያነበበች ልጅ ግን «አያቴ ቀጥቃጭ ነበር» አለችን፣ ያን ብቻ። እኛ አገር ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው ቡዳ ሲባሉ ኖረዋል። ማረሻውን እየሠሩለት ገበሬው ልጁን አልዳረላቸውም። ያንን አሮጌ ሐሜት ጠፈር ላይ ወስዶ ሌዘር ማስታጠቅ ፈጠራ አይደለም፣ ሐሜቱን መቀጠል ነው። ቡድናችሁን በምርጫና በመሐላ የሚገባበት አድርጉት፤ በደም የሚወረስ ከሆነ ግን ሐሜቱን ማን እንዳወራውና ማን እንደተጠቀመበት ታሪኩ ውስጥ ይታይ። ምዕራፉ ተጥሏል። ልጅቷ አሁንም ታነብልናለች፣ እግዜር ይስጣት።

መዝገብ ሳይዙ መጻፍ

ይህ የጋራ ዓለም በሽታ ነው፣ ብቻውን የሚጽፍ አያውቀውም። በእኔ መጽሐፍ የእድሩ አባላት በጠቅላላ 120 ናቸው። የቢቸናው ወዳጄ በአንድ ምዕራፍ 200 ገደለብኝ። ከሞቱት ሰባቱ ደግሞ ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ሻይ ሲጠጡ ተገኙ። በእኔ ዘንድ መሐላው በእሳት ነው፣ በእሱ ዘንድ በውኃ። ስልክ ደውዬ «ምነው ወንድምዓለም፣ ሰዎቼን ጨረስክብኝ» ብለው «አንተ ቁጥሩን መቼ ነገርከኝ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የት ጽፌው!

የድሃ ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። የስታር ዋርስ ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ብዙ ደራስያን ለዓመታት የጻፏቸውን ልቦለዶች ከዋናው ታሪክ አስወጥተው «አፈ ታሪክ» አሏቸው፣ ለአዲሶቹ ፊልሞች እጃቸው እንዲፈታ። ገንዘብ ያለው እንዲህ ያደርጋል። እኛ ደብተር ገዛን።

ደብተሩ በመሐል ተሰምሯል። በግራ ሰም፣ በቀኝ ወርቅ። በግራ የጣቢያው ነዋሪ ስለ እድሩ የሚያወራው ይጻፋል፤ በቀኝ እውነቱ፣ ከጎኑ ደግሞ የትኛው ገጸ ባሕርይ እንደሚያውቀው። የሞተ ሰው ስሙ በቀይ ይሰረዛል፣ ማን እንደገደለውና በየትኛው መጽሐፍ እንደሆነም ይጻፋል። ግራው ቢጋጭ ግድ የለም፤ ወሬ አይደል፣ እንዲያውም ሲጋጭ ያምራል፣ አንዱ ሠላሳ ናቸው ሲል ሌላው ሦስት መቶ ይላል። ቀኙ ከተጋጨ ግን ማታውኑ ስልክ ይደወላል። ወርቁን የማያውቅ ደራሲ ሰሙን በትክክል መጻፍ አይችልም፤ ይህን በብዙ ድካም ነው ያወቅነው።

ምስጢሩን ቀድሞ መብላት

ጸሐፊ ሆዱ አይችልም። ጥሩ ምስጢር ካለው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይተፋዋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ የራሳችሁን ነው የበላችሁት። የጋራ ዓለም ላይ ግን ሌላው ለአራተኛ መጽሐፉ ያስቀመጠውን ነው የምትበሉበት። አንድ ጊዜ እኔ የእድሩን ዳኛ ማንነት በአንዲት መስመር፣ ለማሳመር ብዬ፣ አወጣሁት። ሦስት ሳምንት አላነጋገሩኝም።

ከዚያ ወዲህ ምስጢሩን እንደ እቁብ አደረግነው። ቀኝ ገጽ ላይ ካሉት ትልልቅ ነገሮች በዓመት አንዱ ብቻ ይከፈታል፣ የሚከፍተውም እጣ የወጣለት ነው። ሌላው ተራው እስኪደርስ ጥርጣሬ መዝራት ይችላል፣ መልስ መስጠት ግን አይችልም። የቸገረው ሰው ተራ መለዋወጥ ይችላል፣ እንደ ማንኛውም እቁብ። እኔ አንድ ጊዜ ለቢቸናው ለቅቄለታለሁ፣ እስካሁን ውለታዬን አልመለሰም።

ዘንድሮ እጣው ለባሕር ዳሯ ወጣ። የትኛውን እንደምትከፍት ለመንናት፣ ቡና ጋበዝናት፣ አንዷን ፍንጭ እንኳ አልሰጠችንም። «ጥሩንባው ሲነፋ ትሰማላችሁ» ብላን አውቶቡሷን ተሳፈረች።